የኩይሳ አፈር ከበር እስከ በረንዳ

ባለፈው ሚያዝያ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ሱቄ መጥቶ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ለግቢዬ መግቢያ ምን ባነጥፍ ይሻለኛል?» አለኝ። እኔ ጋምቤላ ገበያ ዳር ሚስማርና ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ቀለም ስሸጥ ዕድሜዬን ያጋመስኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው የምሆነው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። «መጀመሪያ አፈርህን እወቅ» አልኩት። «ጥቁር ከሆነ በክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ በበጋ እንደ ኤሊ ጀርባ ይሰነጣጠቃል። በላዩ ኮንክሪት ብታፈስበት ለሁለት ከፍሎ ይመልስልሃል። ጥቁሩን እስከ ጉልበትህ ቆፍረህ አውጣ፣ ጠጠራማውን ገረጋንቲ ሙላ፣ አስጠቅጥቅ፣ ለውሃው መሄጃ ስጠው። ከዚያ ወዲያ ኮብልስቶንም አድርገው፣ የሲሚንቶ ታይልም አድርገው፣ ከፈለግህ ብስኩት ደርድርበት፣ ይቆማል።» ሰውየው ሁሉንም ስልኩ ላይ ጻፈ። አመስግኖ ከወጣ በኋላ ዞር ብሎ፣ «የእርስዎ ግቢ በምን ተነጥፎ ነው?» አለኝ። ደንበኛ እንደ በዛበት ሰው ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሱቁ ውስጥ ግን ከእኔና ከአንዲት እንሽላሊት በቀር ማንም አልነበረም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የእኔ ግቢ ከውጭው በር እስከ በረንዳው፣ ሃያ ሁለት እርምጃ ሙሉ፣ አፈር ነበር። ሲሚንቶ ሻጭ ሆኜ አፈር። ግን አፈር ስላችሁ እግር ላይ የሚለጠፈው እንዳይመስላችሁ። የኩይሳ አፈር ነው፤ ምስጥ በምራቁ አቡክቶ ከሰው ቁመት አሳልፎ የሚቆልለው፣ እዚህ አገር በየሜዳው እንደ ሚናራ ቆሞ የምታዩት። እሱ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ተቦክቶና ተለቅልቆ በባሮ ጠጠር ሲታሽ መስታወት ይሆናል። እኔ በር ላይ አጎንብሶ ጢሙን የተላጨ ሰው አውቃለሁ። ሰውየው እኔ ነኝ፤ ሁለት ቦታ ተቆርጫለሁ፣ ግን ታይቶኛል። ይህን የመሰለ ንጣፍ ነው እንግዲህ ዘንድሮ ያበላሸሁት። ያገለገለ ፒክአፕ ገዛሁ። ባለቤቴ ዘሀራ «ውጭ አቁመው» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ጎረቤት እንዲያይልኝ ጥሩምባ እየነፋሁ ይዤው ገባሁ። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፣ ጎማው ሁለት ቦይ ቆፈረ፤ በቦዩ ውስጥ ዓሣ ማርባት ይቻል ነበር። ዘሀራ በረንዳው ላይ ቆማ ቦዩን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«እንግዲህ እኔ አልለቀልቅም» አለች። «ግንቦት ሳያልቅ በድንጋይ ካልተነጠፈ ክረምቱን ሜጡ ፋጡማ ጋ ነኝ። ከክረምቱ በኋላ ያለውን ደግሞ እዚያ ሆኜ አስብበታለሁ።»

ፋጡማ ልጃችን ናት፤ ሜጡ ታስተምራለች። ዘሀራ ቀልድ ታውቃለች፤ ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሮ ቀልድ የማያውቅ ሰው በሕይወት አይገኝም። ይችን ስትናገር ግን ጥርሷ ብልጭ አላለም።

ዝናቡ ሲያባራ የራሰው የኩይሳ አፈር ሸተተኝ። ይህን ሽታ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? አዲስ እንስራ ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ አፉ ላይ አፍንጫህን እንደ ማስጠጋት ነው። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሽታው ዘሀራን ወዳላገባሁበት ዘመን ይዞኝ ሄደ።

መንግሥት ተለውጦ ነበር ወይስ ሊለወጥ ነበር፣ አሁን እንጃ። የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ መሆኑን፣ ክንድ የሚያህል የባሮ ዓሣ በአምስት ብር መሆኑን ነው። ክንድ ስል የእኔን ማለቴ አይደለም፣ የዚህን አገር ሰው ክንድ ነው፤ የእኔማ የአምባዛ ጢም አያህልም። ድልድዩ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፣ ቀኑን ሙሉ በቴፕ የሱዳን ዘፈን የምታስጮህ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንደ ሰከረ ይንቀራፈፍ ነበር፤ ባለቤቱ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣቸው ሰውየው ስካሩ ለቆት ይመለሳል። እኛ ጎረምሶች ቴትሮን ሸሚዝ ለብሰን፣ አንገትጌውን ገልብጠን፣ ከሱዳን በጀልባ የመጣ ሽቶ ተርከፍክፈን ደጃፏ ላይ እንገተር ነበር። ሙቀቱ ያው የአሁኑ ነው፤ ዶሮ ቅቅል እንቁላል የምትጥልበት። ቴትሮን ደግሞ አየር አያስገባም። ከምሽቱ ይልቅ ጠዋት የምናምረው ለዚህ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም የተቀቀልን ነን።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከወሎ ጨርቅ ይዞ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነው። ዘሀራ ከጎሬ ናት፤ አባቷ የማር ነጋዴ ነበሩ፣ እሷም ማር ይዛ ጋምቤላ አክስቷ ዘንድ ትወርድ ነበር። አንድ ክረምት ለእናቴ ማር ልታደርስ መጥታ፣ የኛ በር ላይ ጭቃው የግራ እግሯን ነጠላ ጫማ ዋጠው። እኔ እስከ ብብቴ ገብቼ ፈለግሁት። ሚስማር አገኘሁ፣ ማንኪያ አገኘሁ፣ አምና የጠፋብንን የበር ቁልፍ አገኘሁ፤ ጫማውን ግን የበላው ጭቃ አልመለሰውም። ዘሀራ በአንድ እግሯ ቆማ እየሳቀች፣ «ተወው፣ ለግቢያችሁ መታሰቢያ ይሁን» አለችኝ። እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ወደ ጎሬ ላክን።

ሽማግሌዎቹ የተመለሱት በአንድ ቃል ነው። አባባ ሁሴን፣ የዘሀራ አባት፣ ማሩን አቅምሰው፣ ነገሩን ሰምተው፣ «ልጄ በአንድ ጫማ የተመለሰችበት ደጅ ነው?» አሉ። «ዘሩን አልነቀፍኩም፣ ሥራውንም አልነቀፍኩም። ዝናቡ ሲያባራ ግን መጥቼ ደጁን በዓይኔ አያለሁ። ልጄን ረግረግ ውስጥ አልድርም።»

እንግዲህ ሕይወቴ በሃያ ሁለት እርምጃ መሬት ላይ ተንጠለጠለች። አባቴ ያለ የሌለውን አሟጦ አሥራ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አዘዘ። መኪናው ከጎሬ ወዲህ ያለው ቡሬ ቁልቁለት ላይ ተበላሽቶ ሳምንት ዝናብ ሲመታው ከረመ፤ ሲሚንቶው ሲደርስ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አባቴ አልተበገረም። «ምን ቸገረህ? ድንጋይ አይደል የምንፈልገው? ከረጢቱን ግፈፈው» አለኝ። አሥራ ሁለት ትራስ የመሰሉ ድንጋዮች ከበሩ እስከ በረንዳው ደረደርን፤ ሦስት ቀን የከንቲባ ግቢ መሰልን። በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለና ጥቁሩ አፈር አፉን ከፈተ። ትራሶቹ እንደ ጉማሬ ናቸው፤ መጀመሪያ ሆዳቸው ገባ፣ ቀጥሎ ጀርባቸው ብቻ ቀረ፣ በመጨረሻ አረፋ ደፍቀው ጠለቁ። ይሄኔ ሱዳን ደርሰው ይሆናል።

የአጥር ጎረቤታችን እትዬ አሪየት በአጥሩ ሽንቁር ሆና ይህን ሁሉ ስታይ ነበር። የአኝዋ ሴት ናት፤ ያኔ ገና ጎልማሳ፣ ቁመቷ ከአጥሩ በላይ፣ ሳቋ ከቁመቷ በላይ። የእሷ ግቢ ዝናብ ገርፎት እንኳን ይጸዳል እንጂ አይጨቀይም፤ እኛ ወሎዬዎቹ ግን አንድም ቀን «እንዴት?» ብለን ጠይቀናት አናውቅም ነበር። ያን ቀን ጠየቅኋት።

«ኩይሳ» አለችኝ። «የሞተውን ነው። ምስጥ ጥሎት የሄደ፣ ሣር በላዩ የበቀለ። እሱን አምጣ፣ ሌላውን እኔ አውቃለሁ።»

የሞተው ኩይሳ ሩቅ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ግን የሁለት ሰው ቁመት ያለው፣ ያማረ፣ የወዛ፣ አዲስ ኩይሳ ቆሟል። ፍቅር የያዘው ሰው ርቆ አይሄድም። ጋሪ ተከራየሁና በዶማ ንጄ ጫንኩት። መሐል ላይ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ወፍራም ትል አገኘሁ፤ ቆንጆ ናት ብዬ አብሬ ጫንኳት። ለካ ንግሥቲቱ ናት! ለእትዬ አሪየት ሳልነግር አባቴና እኔ አቡክተን ለቀለቅነው። አሥር ቀን አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን የመዝጊያው መቃን በጣት ሲነኩት እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ምስጦቹ ቤታቸው ፈረሰባቸው እንጂ አልሞቱም ነበር። የአባቴን የጃንጥላ እጀታ በሉ፣ አንድ ጣቃ አቡጀዲ በሉ፣ ለሠርጌ ያሰፋሁትን ሱፍ ሱሪ እስከ ጉልበቱ በልተው ቁምጣ አደረጉት። እትዬ አሪየት በሽንቁሩ አልፋ መጣችና ከመሬቱ ቆንጥራ አየች።

«ሰይድ፣ የሰው ቤት አፍርሰህ ቤትህ አመጣህ» አለችኝ። «እሱ ደግሞ ያንተን ቤት በላ። አሁን እኩል ናችሁ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ከእኔ እጅ ወጣ። አባባ ሁሴን ሊመጡ ሃያ ቀን ቀርቷል። እትዬ አሪየት ያበላሸሁትን አስጠረገችኝ፣ ሩቅ ሄደን የሞተውን ኩይሳ አመጣን፣ ዘመዶቿንና ጎረቤቶቿን ጠራች። አሥራ አንድ ሴቶች መጡ። ወቀጡት፣ ነፉት፣ ከአመድና ከአሸዋ ጋር አቡክተው ሁለት ቀን አሳደሩት፣ በጠፍጣፋ እንጨት እየደበደቡ አነጠፉት። ከዚያ ተንበርክከው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ በእጃቸው መዳፍ ለቀለቁት። እየዘፈኑ ነው የሚሠሩት፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ቃሉ ባይገባኝም ስሜ በየመሐሉ ይጠራና ሁሉም በሳቅ ይፈርሳሉ። «ምን እያላችሁኝ ነው?» ስላት እትዬ አሪየት፣ «ሱሪህን ነው» አለችኝ። እናቴ ሻይ ስታቀርብ ዋለች፤ ለአሥራ አንድ ሰው ስምንት ማንቆርቆሪያ። ገና እርጥብ ሳለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንከባለሉበት፤ የሰሌን ጥለት የመሰለ ንድፍ ከበሩ እስከ በረንዳው ወጣ። በመጨረሻ ከባሮ ዳር በለቀሙት ልሙጥ ጠጠር አሹት። እስኪደርቅ ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይረግጠው ታዘዝን። ሳምንቱን በእትዬ አሪየት አጥር ሽንቁር ነው የገባነውና የወጣነው፤ አባቴ ወፍራም ሰው ስለነበረ ሁለት ቀን ከሱቅ ቀረ።

አባባ ሁሴን በቀናቸው መጡ። ከአውቶቡስ ወርደው፣ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው፣ ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ቡናማ ቆዳ ጫማ እንደ ሕፃን እየተጠነቀቁለት መንገዱን አቋረጡ። ከበሩ ደርሰው ወደ ውስጥ አዩና ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰውየው ጎንበስ አሉ፣ የጫማቸውን ክር ፈቱ፣ ጫማቸውን ከበሩ ውጭ አስቀመጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። አራቱም በባዶ እግራቸው፣ መስጊድ እንደሚገባ ሰው፣ በቀኝ እግር ገቡ።

አባቴ ደንግጦ፣ «ኧረ አባባ ሁሴን፣ ጫማዎን! ምነው?» አለ።

«ሰሌኑን ላቆሽሽ?» አሉ።

«ሰሌን አይደለም፣ መሬቱ ነው።»

አባባ ሁሴን ተቀመጡ፤ ደጅ ላይ ቁጢጥ አሉ። በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ አንኳኩት፣ አሸተቱት። «አፈር?» አሉ። «አፈር» አልናቸው። ቀና ሲሉ ያዩት እኔን ሳይሆን ሽንቁሩ ላይ የቆመችውን እትዬ አሪየትን ነው። «አንቺ ነሽ?» አሏት። ራሷን ነቀነቀች። «የኔ ሳሎን ከዚህ ደጅ ያንሳል» አሉና ወደ አባቴ ዞረው፣ «በሉ፣ የቀረውን እንነጋገር» አሉ። በዚያው ቅጽበት የሰፈሩ ውሻ ከውጭ አንዱን ቡናማ ጫማ ነክሶ ወደ ባሮ አቅጣጫ ይበር ነበር። አባባ ሁሴን ጎሬ የገቡት በአንድ ጫማ ነው። አባትም ልጅም አንዳንድ ጫማ ለጋምቤላ ገብረው ነው እንግዲህ ዘሀራ የእኔ የሆነችው።

ይህን ታሪክ ሠላሳ ዓመት ስተርከው ኖሬያለሁ። ለደንበኛ፣ ለእንግዳ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ለሚመጡት መሐንዲሶች። «ሠላሳ ዓመት! አንድ ጊዜ ተለቅልቆ እንዲሁ ያለ!» እያልኩ። አሁንም ዘሀራ ድንጋይ ስትለኝ አጥብቄ ተከራከርኩ። «ድንጋይ ሙቀት ይይዛል፣ እግር ይጠብሳል። ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። አፈር ግን በቀትር እንኳን ቀዝቃዛ ነው፤ በባዶ እግርሽ ስትሄጂ...»

«ነጠላ ጫማ የሚባል ነገር አለ» አለች ዘሀራ። «አንተ እንዲያውም ትሸጣለህ።»

ሲጨንቀኝ ዳኛ ልጥራ ብዬ ወደ እትዬ አሪየት ሄድኩ። አርጅታለች፣ ግን ሳቋ ያው ነው። እሷ እንደማትከዳኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የእጇ ሥራ ነዋ። ነገሩን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ድንጋይ አድርግ» አለች።

«እትዬ አሪየት! አንቺም?»

ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ከፍ አደረገች። ሁለቱም ጉልበቷ ላይ ጠቁሮ የጠነከረ፣ እንደ ጫማ ሶል የወፈረ ቆዳ አለ። አንዱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ይሄን ታያለህ? ይሄ የእኔ በር ነው» አለች። ሌላውን መታችው። «ይሄ ደግሞ ያንተ በር ነው።» ከዚያ ቤቷን አሳየችኝ። ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሠራው ልጇ ወለሉንም ደጁንም ሲሚንቶ አድርጎላታል። «በመጥረጊያ እንዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ከዚያ እተኛለሁ» አለችና ከት ብላ ሳቀች።

በግንቦት አጋማሽ ኮብልስቶን አንጣፊዎቹን ጠራሁ። እኔ የጤና ሠራተኛውን ያስተማርኩትን እነሱ መልሰው አስተማሩኝ፤ ጥቁሩን እስከ ጉልበት ቆፍሮ ማውጣት፣ ገረጋንቲ፣ መጠቅጠቅ፣ አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋዩ። መቆፈር ሲጀምሩ ሱቅ መሄድ አቃተኝና ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ጥቂት እንደ ቆፈሩ ፎርማኑ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ይህን ነገር ና እይ» አለኝ።

ዶማው ንጣፉን እንደ ዳቦ ቆርጦታል። ከጎኑ ሲታይ አንድ አይደለም። ሽፋን በሽፋን ነው፤ ቀጭን ቀጭን፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፣ ልክ እንደ ኮምፔንሳቶ እንጨት። ተንበርክኬ በጥፍሬ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ላይ ተሳሳትኩና እንደገና ጀመርኩ። የሱቅ ዕቃ ለማምጣት በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ወር እቆያለሁ። ስመለስ ደጁ ያበራል። ዘሀራና እትዬ አሪየት «ነካ ነካ» እንደሚያደርጉት አውቅ ነበር። ነካ ነካ ነበር የምለው።

ዘሀራ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ይቺ ወፍራሟ ምንድናት?» አልኳት።

«ዝናቡ ጠርጎት የሄደ ዓመት። አሥራ ሦስት ቀን ፈጀብን።»

«ይቺስ፣ ቀይ ያለባት?»

«ፋጡማን ያረገዝኩ ጊዜ። ሰባት ወር ሞልቶኝ ነበር፤ አሪየት ተቀመጪ ብትለኝ እምቢ አልኩ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«አዲስ አበባ።»

«ይቺ ጠማማዋስ?»

«አባቴ የሞቱ ዓመት። እንባዬ እየወረደ ስለቀልቅ አላየሁትም።»

«የዚያን ጊዜስ እኔ...»

«አዲስ አበባ» አለች። ክፋት የለባትም፤ ዋጋ እንደተጠየቀ ሻጭ ነው የነገረችኝ። ከዚያ ወደ ፎርማኑ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ምን ቆምክ? ቆፍር። ሙዚየም አይደለም።»

አንድ ቁራጭ እንኳን ለመታሰቢያ ላስቀር ብል አልፈቀደችም። ሁሉም ተጭኖ ሄደ። አፈሩ ሲጫን ያ ሽታው ለመጨረሻ ጊዜ ግቢውን ሞላው፤ እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ አልኩ። ማንም አላመነኝም።

ድንጋዩ ተነጥፎ ሲያልቅ አንጣፊዎቹ፣ በየድንጋዩ መሐል አሸዋ መጠቅጠቅ እንዳለበት፣ ካልተጠቀጠቀ በአንድ ዝናብ እንደሚፈታ ነግረውኝ ሊጀምሩ ሲሉ አስቆምኳቸው። አሸዋውን በባልዲ አመጣሁ፣ ከበሩ ጀመርኩ፣ በእጄ መዳፍ እየጠረግሁ በየስንጥቁ ሞላሁ። አራት እርምጃ ላይ ጉልበቴ ጮኸ። ሰባት ላይ ወገቤ ጮኸ። አሥር ላይ ሁለቱም መጮህ ሰለቻቸው። እትዬ አሪየት በአጥሩ ላይ አገጯን ደግፋ ታያለች፤ አንድ ነገር በአኝዋ ቋንቋ እያንጎራጎረች ነው፣ ስሜ መሐሉ አለበት። ሰማዩ በባሮ ማዶ ጠቁሯል፤ ከመጣሉ በፊት መጨረስ አለብኝ።

በረንዳው ላይ ስልክ ጮኸ። ፋጡማ ናት።

«እማዬ፣ አልጋሽን አዘጋጅቻለሁ፤ መቼ ልቀበልሽ?» ስትል እስከ እኔ ይሰማል።

ዘሀራ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ከበረንዳው ወረደች፣ አዲሱን ድንጋይ በእግሯ መታ መታ አደረገችው፣ እኔ እስካለሁበት ድረስ መጣች። እኔ ቀና ማለት አልቻልኩም፤ የማየው ጫማዋን ብቻ ነው፣ ሁለቱንም።

«አልመጣም» አለች በስልኩ። «ዘንድሮ እዚሁ ነኝ።»

«ምነው? አባዬስ የት ነው?»

«እዚሁ ነው። ተንበርክኳል።»

«ወይኔ! ታመመ እንዴ?»

«የለም» አለች ዘሀራ፤ የአሸዋውን ባልዲ በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «አሥራ ሁለት እርምጃ ይቀረዋል።»